የላንድክሩዘር 60 ሞተር ቅየራ፦ በቡሎን የሚታሰር ሳፖርት ወይስ የሚበየድ?

የ2ኤፍ ቤንዚን ሞተሩን አውጥቶ 4,164 ሲሲውን 1ኤችዜድ ናፍጣ ለሚያስገባ ሰው ሞተሩን የሚሸከመው ሳፖርት በሁለት መልክ ይቀርባል፤ ሻንሲው (የመኪናው አጽም) ላይ በቡሎን የሚታሰር፣ ወይም ተቆርጦ የሚመጣና የሚበየድ ወፍራም ላሜራ። እኛ የቡሎኑን እንመርጣለን፣ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ።

ብልጫው ማስተካከያው ነው። ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ ሞተሩ ከገባ በኋላም ትንሽ ወደፊት ወይም ወደኋላ ይገፋል። በፋኑና በራዲያተሩ መካከል ቢያንስ 25 ሚሊ ክፍተት ስለሚፈለግ ይህቺ ትንሽ ነገር ብዙ ጣጣ ታድናለች። ጉዳዩ ማሰሪያው ላይ ነው። ቡሎኑ ውስጡ ባዶ የሆነውን ሻንሲ አቋርጦ ሲጠብቅ ግድግዳውን ይጨፈልቃል፣ ቀስ በቀስ ይላላል፣ ከዚያም ቀዳዳውን እየበላ ያሰፋዋል። መፍትሔው በሻንሲው ውስጠኛ ስፋት ልክ የተቆረጠ ወፍራም ቧንቧ ለቡሎኑ ማልበስ ነው። ቅድመ ሁኔታችንም ይኸው ነው፤ ቧንቧ ከሌለው አይግዙት፣ ወይም ቶርኒዮ ቤት አስቆርጡ። ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ባለ 12 ሚሊ ቡሎን በ80 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይጠብቃል። 500 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይፈተሽ።

የሚበየደው አይላላም፤ ቦታው ከተሳሳተ ግን ከግራይንደር በቀር የሚፈታው የለም። ስለዚህ ካምቢዮው፣ ራዲያተሩና ፋኑ ተገጥመው፣ መኪናው በጎማው ቆሞ ሳፖርቱ መጀመሪያ በነጥብ ብየዳ ብቻ ይያዝ። ባሌስትራው ሙሉ በሙሉ ሲተኛ የፊት ዲፈረንሻሉ ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) እንዳይመታ እዚህ ላይ ይለካ። ልኩ ሲረጋገጥ ሞተሩ ይውጣና ብየዳው ይሞላ፤ ሳይወጣ ከተበየደ ሙቀቱ የሳፖርቱን ጎማ ያቃጥለዋል። የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፣ የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎች ከአካባቢው ይራቁ። የመበየጃው ኤሌክትሮድ 7018 የሚባለው ዓይነት ይሁን፣ ደረቅ! እርጥበት የጠጣ ኤሌክትሮድ ብየዳውን ያሰነጥቃል። ብዙ በያጅ የሚሳሳተው ሻንሲውን ከላይ እስከ ታች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሲበይድ ነው፤ ስንጥቁ ከዚያው መስመር ጠርዝ ይጀምራል። የላሜራው ጫፍ ሰያፍ ይቆረጥ።

ተዘጋጅቶ የተገዛው ሳፖርት ልክ ከሻንሲው ጋር አልገጥም ካለ ብየዳው ግድ ይሆናል። ያኔም ቢሆን የሻንሲው ክፍል ብቻ ይበየድ፤ የሳፖርቱ ጎማ ኋላ መቀየሩ ስለማይቀር በቡሎን ይታሰር።

በሁለቱም ዓይነት የሚረሳ ነገር አለ፦ የሳፖርቱ ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ከሞተሩ ወደ ሻንሲው ወፍራም የማሳ (የኔጌቲቭ) ገመድ ካልተዘረጋ የሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ኤሌክትሪክ በነዳጅ መስጫው ሽቦ ዞሮ ያቃጥለዋል።