የሳተላይት ቲቪ ኮንትራት ከመፈረማችሁ በፊት፦ «ሎካል ቻናል ሁሉ አለው» የሚለውን አትመኑ

አሜሪካ ውስጥ ዳይሬክቲቪ ወይም ዲሽ ኔትወርክ ለማስገባት ያሰባችሁ፣ ወይም አስገብታችሁ የኮንትራቱ ጊዜ ያላለቀላችሁ ወገኖች፦ ሻጩ «ሎካል ቻናሎች በሙሉ አሉበት» ሲላችሁ የሚናገረው በፈረማችሁበት ቀን እውነት ሊሆን ይችላል። ለ24 ወር እንዲሁ ይቆያል የሚል ቃል ግን ኮንትራቱ ላይ የለም። እንዲያውም ኩባንያው ቻናሎችን በፈለገ ጊዜ መጨመር፣ መቀነስና መቀየር እንደሚችል ነው በደቃቅ ፊደል የተጻፈው። ቻናል ጠፋ ብላችሁ ከጊዜው በፊት ከወጣችሁ ደግሞ መቀጫው የእናንተ ነው። የሁለት ዓመት ኮንትራት ላይ ለቀረው ለእያንዳንዱ ወር 20 ዶላር ነው፤ ገና እንደጀመራችሁ ከሆነ እስከ 480 ዶላር ይደርሳል።

ቻናሎቹ የሚጠፉት በዝናብ ወይም በዲሹ መዛባት አይደለም፤ ስለዚህ ቴክኒሻን ጠርታችሁ ገንዘብ አታውጡ። ኮንግረስ በ1992 ለኬብል፣ በ1999 ደግሞ ለሳተላይት ያወጣቸው ሕጎች ለየአካባቢው ጣቢያ በየሦስት ዓመቱ ምርጫ ይሰጡታል። ጣቢያው ወይ ያለ ክፍያ የግድ እንዲተላለፍለት ይጠይቃል፣ ወይ ደግሞ ፈቃዱን በገንዘብ ይሸጣል። የኤቢሲ፣ የሲቢኤስ፣ የኤንቢሲና የፎክስ ጣቢያዎች ገበያ ስላላቸው ሁለተኛውን ይመርጣሉ። ክፍያው በደንበኛ ቁጥር ይሰላል፤ ቻናሉን ከፍታችሁ ባታዩትም በየወሩ በእናንተ ስም ጥቂት ዶላር ይሄዳል፣ ቢላችሁ ላይም ይደመራል። ስምምነቱ የሚያልቅበት ሰዓት ሲደርስ አዲስ ፊርማ ከሌለ ሳተላይቱ ቻናሉን ለአንድ ደቂቃ እንኳ ማስተላለፍ አይፈቀድለትም። ጣቢያው «አወጡኝ»፣ ሳተላይቱ «ከለከለን» የሚባባሉት ለዚህ ነው። ሁለቱም የየራሳቸውን ድረ ገጽ ከፍተው «ደውላችሁ ተቆጡልን» ይሏችኋል። የድርድሩ ዋና መሳሪያ የእናንተ ንዴት ነው፤ ለማንኛቸውም ጥብቅና መቆም አይጠበቅባችሁም።

በአጋጣሚ የሚሆን ነገርም አይደለም። ጁላይ 2 ቀን 2023 የአካባቢ ጣቢያዎች ባለቤት የሆነው ኔክስታር ከዳይሬክቲቪ ጋር ተጣልቶ ከ150 በላይ ጣቢያዎች ጠፉ፤ የተመለሱት ከ70 ቀን በላይ ቆይተው፣ የአሜሪካ ፉትቦል ሲዝን ከጀመረ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 30 ደግሞ ሌላው የጣቢያዎች ባለቤት ቴግና ተከተለ፣ ከ60 በላይ ጣቢያዎች እስከ ጃንዋሪ 13 ቀን 2024 ከዳይሬክቲቪ ጠፍተው ከረሙ። የቴግና ጠብ የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸውን ከተሞች ነክቷል፦ በዋሽንግተን ደብሊውዩኤስኤ 9፣ በሲያትል ኪንግ 5፣ በሚኒያፖሊስ ኬር 11፣ በዴንቨር ኬዩኤስኤ 9፣ በአትላንታ 11 አላይቭ፣ በኮለምበስ ደብሊውቢኤንኤስ፣ በዳላስ ደብሊውኤፍኤኤ። ይኸው ቴግና ከዲሽ ኔትወርክ ጋር ከኦክቶበር 2021 እስከ ፌብሯሪ 2022 አራት ወር ያህል ተኳርፎ ነበር። ሴፕቴምበር 2024 ላይ የዲዝኒ (የኤቢሲ ባለቤት) እና የዳይሬክቲቪ ጠብ ኒውዮርክን፣ ሎስ አንጀለስንና ሂውስተንን ጨምሮ በስምንት ከተሞች ኤቢሲን ለሁለት ሳምንት አጠፋ። «እኔ በኢንተርኔት ነው የማየው» የምትሉም አላመለጣችሁም፤ ዩቲዩብ ቲቪ ላይ የዲዝኒ ቻናሎች ከኦክቶበር 30 እስከ ኖቬምበር 14 ቀን 2025 ጠፍተው ነበር። ልዩነቱ እዚያ የሁለት ዓመት ኮንትራት ስለሌለ በማግስቱ መውጣት መቻላችሁ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሳተላይቱ የጠፋውን ጣቢያ በጎረቤት ከተማ ጣቢያ ተክቶ ሊያሳያችሁ አይችልም፤ ገበያው በከተማ ተከፋፍሎ የታጠረ ነው። «አድራሻህን ሌላ ስቴት አድርገው፣ ይገባልሃል» የሚል ምክር ብትሰሙ አትስሙት። ኮንትራቱን ያስጥሳል፣ ዲሹም የሌላውን ከተማ ጨረር ከሩቅ ላይቀበል ይችላል።

ገና ላልፈረማችሁ። ሻጭ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ካስፈረማችሁና ዋጋው ከ25 ዶላር በላይ ከሆነ፣ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ያለ ምንም ምክንያት የመሰረዝ መብት ይሰጣችኋል። ቅዳሜም እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል። ሻጩ የመሰረዣ ቅጹን በሁለት ኮፒ ሊሰጣችሁ ይገባል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ሻጩ ሲያግባባችሁ የነበረው በአማርኛ ከሆነ ደንቡ ኮንትራቱንም በአማርኛ እንዲሰጣችሁ ያስገድደዋል። የአገር ልጅ ነው ብላችሁ በቃል ብቻ የተነገራችሁን ይዛችሁ በእንግሊዝኛው ላይ አትፈርሙ። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ብቻ የተደረገ ግዢ ግን በዚህ ደንብ አይሸፈንም።

ከሻጩ ሦስት ነገር በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በቴክስት ወይም በቻት ቢሆንም ይበቃል፣ ስክሪኑን ፎቶ አንሱት። አንደኛ፣ ሁሉም ተደምሮ የወሩ ዋጋ ስንት ነው? ከ2024ቱ የኤፍሲሲ (የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን) ደንብ ወዲህ የቻናል ክፍያዎችን ነጥሎ ደብቆ «ዋጋው ይህ ብቻ ነው» ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ሎካል ቻናል ቢጠፋ በወር ስንት ክሬዲት (የቢል ቅናሽ) ትሰጣላችሁ? አብዛኛውን ጊዜ መልስ አታገኙም፣ ያ ራሱ መልስ ነው። ሦስተኛ፣ ሎካል ቻናሎቹን አውጥቼ ብገባስ? ዳይሬክቲቪ ከ2024 ጀምሮ የሳተላይት ደንበኞች ሎካል ቻናሎችን ትተው በወር 12 ዶላር እንዲቀንስላቸው ፈቅዷል። በ24 ወር 288 ዶላር ማለት ነው፤ ጥሩ አንቴና ከ20 እስከ 60 ዶላር ይገዛል። ነባር ደንበኛ ሆናችሁ ይህን ለውጥ ስታደርጉ ግን «ኮንትራቴ እንደ አዲስ አይጀምርም አይደል?» ብላችሁ ሳታረጋግጡ እሺ አትበሉ።

ጣቢያዎቹ ከሳተላይቱ ቢጠፉም በአየር ላይ በነጻ መሄዳቸውን አያቋርጡም፣ ጠቡ አየሩን አይመለከትም። እንዲያውም ሳተላይቱ ቦታ ለመቆጠብ ምስሉን አጥብቆ ስለሚጨምቀው በአንቴና የሚገባው ብዙ ጊዜ ይጠራል። ከማርች 2007 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ ቴሌቪዥን ዲጂታል መቀበያ ውስጡ አለው፤ «ሞኒተር» ወይም «ዲስፕሌይ» ተብለው የተሸጡት ላይኖራቸው ይችላል፣ ከኋላ የአንቴና ቀዳዳ መኖሩን እዩ።

ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው አንቴና ሲመርጥ ነው። መስታወት ላይ የሚለጠፈው ስስ አንቴና ዩኤችኤፍ ለሚባሉት፣ ከ14 እስከ 36 ላሉት ሞገዶች የተሠራ ነው። ከ7 እስከ 13 ያሉት ቪኤችኤፍ ናቸው፣ ሞገዳቸው ረጅም ስለሆነ ረጅም ዘንግ ይፈልጋሉ። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ቁጥር አያሳስታችሁ፦ ዋሽንግተን ውስጥ ኤንቢሲ 4 በእውነተኛው ሞገድ 34 ላይ ነው፣ ፎክስ 5 ደግሞ 36 ላይ። ሲቢኤስ (ደብሊውዩኤስኤ) ግን በእርግጥም 9፣ ኤቢሲም (ደብሊውጄኤልኤ) በእርግጥም 7 ላይ ናቸው። ስለዚህ ስሱን አንቴና የገዛ ሰው 4 እና 5 ገብተውለት 7 እና 9 እንቢ ሲሉት አንቴናው ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል። ዴንቨርም በ7 እና በ9 ተመሳሳይ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ሁለት የሚሳቡ ዘንጎች ያሉት፣ ማሸጊያው ላይ ቪኤችኤፍም ዩኤችኤፍም የሚል አንቴና ነው። እያንዳንዱን ዘንግ ከ35 እስከ 40 ሳንቲሜትር፣ ማለትም ወደ 15 ኢንች ብቻ ሳቡትና ወደ ግራና ቀኝ አጋድሙት። ዘንጉ በረዘመ ቁጥር ይሻላል የሚለው ስህተት ነው፤ ልኩ ከሞገዱ ርዝመት ሩብ ጋር መግጠም አለበት።

አንቴናውን ወደ ማሰራጫው ማማ በሚያይ መስኮት አጠገብ፣ ከፍ አድርጋችሁ፣ ከሪሲቨሩ (ከሳተላይቱ ሳጥን) እና ከኤልኢዲ መብራት አርቃችሁ አስቀምጡ። የዋሽንግተን ዋና ዋና ጣቢያዎች የሚያስተላልፉት ከከተማው ሰሜን ምዕራብ፣ ከቴንሊታውን አካባቢ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ወደ ሰሜን አዙሩ። ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ያላችሁ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሉክአውት ተራራ። ለሌላ ከተማ የኤፍሲሲ ድረ ገጽ ላይ ያለው የዲጂታል ቲቪ ካርታ አድራሻችሁን ስታስገቡ የየጣቢያውን አቅጣጫና እውነተኛ ሞገድ ያሳያል።

ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ የቻናል ፍለጋውን «አንቴና» ወይም «ኤር» የሚለው ላይ አድርጉ። «ኬብል» ላይ እንዳለ ከፈለጋችሁ ምንም አይገኝም፤ በጣም የሚያጋጥም ስህተት ይህ ነው። ፍለጋው ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፣ አንቴናውን ባንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ይደገማል። ማማው ከ15 ማይል በታች ከሆነ የምልክት ማጉያ (አምፕሊፋየር) አትግዙ፤ ኃይለኛ ምልክት ማጉያውን ያጨናንቀውና የነበረውም ይጠፋል። ማሸጊያው ላይ «200 ማይል» የሚለው ወሬ ነው። የምድር ክብነት ምልክቱን ከ60 እስከ 70 ማይል ባለው ርቀት ይጋርደዋል። አንዱን አንቴና ለሁለት ቴሌቪዥን በስፕሊተር ስትከፍሉት ኃይሉ ከግማሽ በታች ይወርዳል። አዲሱ የዳይሬክቲቪ መስመር ላይ የአንቴናውን ኬብል ከዲሹ ኬብል ጋር አትቀላቅሉ፤ ለየብቻ ይዘርጋ።

አፓርትመንት የምትኖሩ፣ አከራዩ አንቴና ክልክል ነው ቢላችሁ ከ1999 ጀምሮ የፌዴራል ደንብ ከጎናችሁ ነው። የእናንተ ብቻ በሆነ ባልኮኒ ላይ መትከል ይፈቀዳል። የጋራ ጣሪያና የውጭ ግድግዳ ግን አይፈቀድም፣ ግድግዳ መብሳትንም ሊከለክሉ ስለሚችሉ በማቀፊያ የሚታሰረውን ግዙ።

የአንቴናው ቻናሎች ከሳተላይቱ ዝርዝር ጋር ተደባልቀው እንዲታዩና እንዲቀረጹ የምትፈልጉ፣ ሁለቱም ኩባንያዎች ሪሲቨሩ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ መቀበያ አላቸው። ሪሲቨራችሁ እንደሚቀበለው ጠይቁ። ጠቡ በተፋፋመ ጊዜ አንቴና በነጻ ሲሰጡም ታይቷል፤ ካልጠየቃችሁ ግን የሚነግራችሁ የለም።

አሁን ቻናል ጠፍቶባችሁ ከሆነ መጀመሪያ ደውላችሁ ክሬዲት ጠይቁ። መደበኛው ሠራተኛ «አንችልም» ካለ «ላቋርጥ ነው» በሉና ደንበኛ እንዳይወጣ ወደሚከራከረው ክፍል አስተላልፉኝ በሉ። ክሬዲት በራሱ አይመጣም፤ ዩቲዩብ ቲቪ በኖቬምበር 2025 የሰጠውን 20 ዶላር እንኳ ብዙ ደንበኛ በራሱ አካውንት ገብቶ መጠየቅ ነበረበት። ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው፦ ሠራተኛው በክሬዲት ፋንታ «አዲስ ሪሲቨር በነጻ» ወይም «የተሻለ ፓኬጅ» ያቀርብላችኋል። ከጀርባው አዲስ የ24 ወር ኮንትራት ሊኖር ይችላል። «ክሬዲቱን ብቻ ነው የምፈልገው» በሉና ስሙን፣ ቀኑንና የክሬዲቱን ወራት ጻፉ፤ ብዙው ክሬዲት ጊዜው ሲያልቅ ዝም ብሎ ይቆማልና ቢሉን በየወሩ እዩ።

በዚህ ሰሞን የሚደውሉ አታላዮችም አሉ። ከኩባንያው እንደሆኑ ይነግሯችሁና ለግማሽ ዋጋ ቅናሽ ቀድማችሁ በጊፍት ካርድ እንድትከፍሉ ይጠይቃሉ። በጊፍት ካርድ ክፈል የሚል ኩባንያ የለም፤ ዝጉባቸው።

ዜናና የአየር ሁኔታ ብቻ ከሆነ የናፈቃችሁ፣ የቴግና ጣቢያዎች በሮኩና በፋየር ቲቪ ላይ የራሳቸው ነጻ አፕ አላቸው። ስፖርቱና ድራማው ግን እዚያ የለም። የኔትወርኮቹ አፖች በሳተላይት አካውንታችሁ ካስገቧችሁ፣ ቻናሉ በጠፋ ጊዜ ቀጥታ ስርጭቱም አብሮ ይዘጋል።

ኤፍሲሲ ቻናሉን መልሱ ብሎ አያዝዝም፣ በቅን ልቦና ተደራደሩ ከማለት አያልፍም። በ2024 መጀመሪያ ለጠፋ ቻናል ገንዘብ ይመለስ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ሐሳብ ግን ቢል አይቀንስም። ለክፍያ ጉዳይ ግን ይጠቅማል፦ በድረ ገጹ ወይም በ1-888-225-5322 አቤቱታ ካስገባችሁ ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲመልስ ይጠየቃል። የቻቱን ፎቶና ሁለት ቢል፣ ቻናሉ ከመጥፋቱ በፊትና በኋላ የመጡትን፣ አያይዙ።

ጨርሳችሁ ለመውጣት ከወሰናችሁ ቀሪ ወራችሁን በ20 አባዙና መቀጫውን አስቀድማችሁ እወቁ። ሪሲቨሩን ስትመልሱ የሳጥኑን ሴሪያል ቁጥር ፎቶ አንሱ፣ የመላኪያውን ደረሰኝም ቢያንስ ለአንድ ዓመት አትጣሉ፤ «ዕቃ አልተመለሰም» የሚል ቢል ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል።