አይ ትራከር (ዓይን የት የት እንደሚያይ የሚከታተል መሣሪያ) ልንገዛ ነው፤ የቱን?

ተማሪን «ቪዲዮው ግልጽ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት «አዎ» ይላችኋል። ይሉኝታ ነው። ዓይን ግን ይሉኝታ አያውቅም።

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ፣ ስለ ልብ የሚያስተምር ስላይድ ለአንድ ልጅ አሳየነው። ሥዕሉ ከላይ፣ ማብራሪያው ከታች ነው። ዓይኑ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ሲመላለስ ተራኪው ጥሎት ወደ ሳንባ አለፈ። ማብራሪያውን ቆራርጠን ሥዕሉ ላይ ስንለጥፈው ምልልሱ ቀነሰ።

ይህን ለማየት ርካሹ መንገድ የላፕቶፕ ካሜራ ነው። ዌብጌዘር የሚባለው ሶፍትዌር ነጻ ነው። ስህተቱ ግን ወደ 4 ዲግሪ ነው፤ ከስክሪኑ 60 ሴንቲሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው 4 ሴንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። ሥዕሉን እያየ ይሁን ጽሑፉን ይነግራችኋል። የትኛውን መስመር እንደሚያነብ ግን አትጠይቁት።

እኔ የምገዛው ስክሪን ሥር የሚቀመጠውን፣ እንደ ጌዝፖይንት ጂፒ3 ያለውን ነው። በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ለዓይን በማይታይ ብርሃን፣ ይሠራል፤ ስህተቱ ቢበዛ 1 ዲግሪ ገደማ ነው። በሴኮንድ 60 ጊዜ ይለካል። «ታዲያ አይሊንክ የሚባለው የላብራቶሪ መሣሪያ በሴኮንድ 2000 ጊዜ ይለካ የለ?» የሚል አይጠፋም። ይለካል። ግን በንባብ ጊዜ ዓይን አንድ ቦታ የሚያርፈው ከ200 እስከ 300 ሚሊሴኮንድ ነው። በየ17 ሚሊሴኮንዱ የሚለካ መሣሪያ ለስላይድ ምን ያንሰዋል?

እንደ መነጽር የሚጠለቀው አይ ትራከር ደግሞ ፋሲል ግንብን እየዞረ ትረካ ለሚሰማ ጎብኚ ወይም ላብራቶሪ ውስጥ ለሚሠራ ተማሪ ነው። ለስክሪን ትምህርት ብር ማባከን ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ለጌም የተሠራው ቶቢ አይ ትራከር 5 በዋጋው ያጓጓል። ያለ ልዩ ፈቃድ ግን መረጃውን አስቀምጦ መተንተን አይቻልም። ፈቃዱን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ።

የበጋ ፀሐይ በመስኮት ከገባ ኢንፍራሬዱን ያደናግረዋል፤ ወፍራም መጋረጃ ከበጀቱ ጋር አስቡ። ዓይን አንድ ቦታ ላይ መቆየቱም ወይ ስለወደደው ነው ወይ ስላልገባው፤ መሣሪያው አይለየውም። የዓይኑን ጉዞ ቅጂ ለተማሪው መልሳችሁ እያሳያችሁ «እዚህ ጋ ምን ሆነህ ቆየህ?» በሉት።

ሻጩ ፊት ስትሞክሩት ደግሞ መነጽር የሚያደርግ ሰው አስቀምጡ። የመነጽሩ ነጸብራቅ የብዙ ዕቃ ድክመት ያጋልጣል።