የልጆች መኪና ቻርጀር ስፒናው ሲሰበር፦ ስፒና መቀየር ወይስ ሌላ ቻርጀር መግዛት?

ልጅ የሚነዳት ባለባትሪ መኪና ያለበት ቤት ከመኪናዋ ቀድሞ የሚበላሸው ቻርጀሩ ነው። ይረገጣል፣ በገመዱ ተይዞ ከሶኬት ይነቀላል፣ እግሩ ይጣመማል። ለመጠገን ወይም ሌላ ለመግዛት ከመወሰናችሁ በፊት የተሰበረውን ስፒና አገላብጣችሁ እዩት።

ሁለቱ እግሮች የወጡት ከራሱ ከቻርጀሩ ሳጥን ከሆነ ለጥገና አትድከሙ። ሳጥኑ ውስጥ ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ ልጁ ከሚሄደው 6 ወይም 12 ቮልት የሚለይ ክፍል አለ። ተፈልቅቆ በናስትሮ የተጠቀለለ ሳጥን ያንን መለየት እንደ ድሮው ለመሥራቱ ዋስትና የለውም። እዚህ ላይ ያለጥርጥር አዲስ ቻርጀር ነው የሚገዛው።

ስፒናው በገመድ ጫፍ ላይ ለብቻው ከሆነ ግን መቀየሩ ያዋጣል። ዋጋውም ከቻርጀር ጋር አይወዳደርም። ገበያ ላይ የምታገኟቸው በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ናቸው። ቀጭኑ ባለ 4 ሚሊ ሜትር እግር እስከ 2.5 አምፔር ይችላል። ለቻርጀር ይበቃል፤ ሶኬቱ ያረጀ ከሆነ ግን ይላላል፣ ሲላላ ደግሞ ብልጭ ይላል። ወፍራሙ 4.8 ሚሊ ሜትርና 16 አምፔር ነው። ለቻርጀር ከሚያስፈልገው በላይ ቢሆንም ሶኬቱን ጨብጦ ስለሚይዝ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ሦስተኛው ከዱባይ በሚመጡ ዕቃዎች ላይ የምናየው የእንግሊዙ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፤ ውስጡ ፊውዝ አለው፣ ለቻርጀርም ባለ 3 አምፔሩ ፊውዝ እንጂ ባለ 13ቱ አይደለም የሚገባው። ጥሩ ስፒና ነው፣ ነገር ግን የቤታችሁ ሶኬት ክብ ከሆነ በአዳፕተር ላይ አዳፕተር መደራረብ ይመጣል።

ስትገዙ ባለሱቁን አስከፍታችሁ ውስጡን እዩ። ማግኔት ካላችሁ እግሩ ላይ ጠጋ አድርጉ፤ ከሳበው ነሐስ አይደለም፣ ነሐስ መሳይ የተለበጠ ብረት ነው። ከሁሉም በላይ ገመዱን ጨምቆ የሚይዝ ባለ ሁለት ብሎን ማሰሪያ ይኑረው። ማሰሪያው የሚነክሰው የውጩን ሽፋን ነው፤ የውስጦቹን ቀጫጭን ሽቦዎች ከነከሰ ልጁ አንዴ ሲጎትተው ሽቦው ከብሎኑ ሥር ይወጣል። ብሎኑ ሥር ከማሰራችሁ በፊት የእያንዳንዱን ሽቦ ቀጫጭን ጭራዎች ለየብቻ ጠምዝዙ፤ ወደ ውጭ የተረፈ አንዲት ቀጭን ጭራ ሁለቱን ማገናኘት ትችላለች። ቡናማው ፌዝ (መብራቱ የሚመጣበት)፣ ሰማያዊው ኒውትራል (የሚመለስበት)፣ አረንጓዴና ቢጫው ኧርዝ (የመሬት መስመር) ነው። በክብ እግሩ ቡናማውና ሰማያዊው ቢቀያየሩ ለውጥ የለውም፤ በእንግሊዙ ግን ቡናማው በፊውዙ በኩል ነው የሚገባው።

አዲስ ቻርጀር የምትገዙ ከሆነ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጀርባው ላይ የተጻፈውን አነጻጽሩ። የሚያወጣው ቮልት አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ለ6 ቮልት ባትሪ የ12 ቮልት ቻርጀር መሰካት ባትሪውን ማፍላት ነው። አምፔሩም የተቀራረበ ይሁን፤ ከፍ ያለ ቻርጀር ትንሽ ባትሪን ያግላል። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው መጫወቻ ከሆነ «ኢንፑት» የሚለውን ሳታነቡ አትሰኩት። 100-240 ቮልት ካለ የሚያስፈልገው አዳፕተር ብቻ ነው፤ 120 ብቻ ካለ የእኛ መብራት ያቃጥለዋል።

መጫወቻውን ራሱን ገና ልትገዙ ከሆነ ደግሞ የባትሪውን ዓይነት ጠይቁ። ልጅ የሚቀመጥባቸው መኪናዎች በብዛት ባትሪያቸው ሊድ አሲድ (የእርሳስና የአሲድ) ነው። ከባድና ቀስ ብሎ የሚሞላ ነው፦ 7 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ በ1 አምፔር ቻርጀር ከ7 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ርካሽ ቻርጀሮች ሲሞላ ራሳቸው አይቆሙም፣ ስለዚህ ሰዓት ይዞ መንቀል የወላጅ ሥራ ነው። ባዶውን ለወራት ካስቀመጣችሁት ይሞታል፤ ክረምቱን የማትነዳ ከሆነ በወር አንዴ ሙሏት። ሊቲየም ቀላልና ፈጣን ነው፤ ሲበላሽ ግን የሚያመጣው አደጋ ይከፋል።

ለአነስተኛ የሪሞት መኪና በ5 ቮልት የስልክ ዓይነት ገመድ የሚሞላውን ምረጡ፤ ገመዱ ቢበጠስ ሌላው በየሱቁ አለ። አንዳንድ መኪኖች ባትሪው ወጥቶ የሚሞላ ሆኖ ትንሽዬ ነጭ ወይም ቀይ መሰኪያ አለው። እዚያ ላይ ጥንቃቄ፦ 4.8 ቮልት የኒኬል ባትሪና 7.4 ቮልት የሊቲየም ባትሪ መሰኪያቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ገባልኝ ብላችሁ የአንዱን ቻርጀር ለሌላው አትስጡ፤ የኒኬሉ ቻርጀር ሊቲየሙ የሚፈልገውን ማቆሚያ ላይኖረው ይችላል።

ቻርጅ ስታደርጉ ጠንካራ ወለል ላይ ይሁን እንጂ አልጋና ምንጣፍ ላይ አይሁን፤ ሰው ሳይተኛ፣ በትልቅ ሰው እጅ። መብራት ሲሄድ ንቀሉትና ተመልሶ ከረጋ በኋላ ሰኩት። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ካያችሁ አትብሱት፣ አትጫኑት፣ ዳግመኛም ቻርጀር ላይ አታድርጉት።