ለበርበሬ ማስጫ የገዛሁት የእርጥበት መለኪያ፣ ከወራት በኋላ

ሐዋሳ ውስጥ ባልትና ለሚሠራ ሰው የአየር እርጥበት ቀላል ነገር አይደለም። ከነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጋር የተደለዘ በርበሬ ቶሎ ካልደረቀ ይሻግታል። ከሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊመጣ ይችላል፤ እሱን ደግሞ ወጥ ውስጥ ማንተክተክ አያጠፋውም። መለኪያውን የገዛሁት ለዚህ ነው።

ሁለት ቴርሞሜትሮች አንድ ጣውላ ላይ ጎን ለጎን ተሰክተዋል። የአንዱ ጫፍ በጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ የጨርቁ ጭራ ውሃ ያለባት ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ውሃው ሲተን ጫፉን ያቀዘቅዘዋል። አየሩ በደረቀ ቁጥር የሁለቱ ልዩነት ይሰፋል። ልዩነቱን ይዞ ሠንጠረዡን ማየት ነው። ባትሪ አይፈልግ፣ መብራት አይፈልግ!

ማለዳ ላይ ደረቁ 15፣ እርጥቡ 14 ካለ እርጥበቱ 90 በመቶ ገደማ ነው፤ በርበሬው ገና አይወጣም። ከሰዓት ደረቁ 25፣ እርጥቡ 18 ሲል ሠንጠረዡ 50 ይላል። ሠንጠረዡ ግን ለባሕር ጠለል የተሠራ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ትክክለኛው ወደ 53 ይጠጋል። እኔ ከ65 በታች ሲሆን አሰጣለሁ። ማምሻውን ከዚያ ሲያልፍ እሰበስባለሁ፤ ግማሽ የደረቀ በርበሬ ሌሊት እርጥበት መልሶ ይስባል።

ዋናው ጣጣው ጨርቁ ነው። የቧንቧ ውሃ ስጨምርበት ጨው እየያዘ ድርቅ ይላል። ያኔ ትነቱ ይቀንስና አየሩን ካለው በላይ እርጥብ ያስመስለዋል። አሁን የምጨምረው ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ዲስቲልድ ውሃ ነው (አሲዱን አይደለም፣ ተጠንቀቁ)። ጨርቁንም በተቀቀለ ነጭ ጥጥ እቀይራለሁ።

ነፋስ ከሌለ ደግሞ በከሰል ማርገብገቢያ ጥቂት ደቂቃ አርገብግቡበት። እርጥቡ ቀስ እያለ ይወርድና አንድ ቦታ ይቆማል። የሚነበበው ያኔ ነው፣ ትንፋሽ ሳይነካው። የማልወድለት መስመሮቹ በአንድ በአንድ ዲግሪ መሆናቸውን ነው። በማለዳ ቅዝቃዜ የአንድ ዲግሪ ስህተት ወደ 10 በመቶ ያዛባል።

ነፋስ ለማይገባው መጋዘን ዲጂታሉ ይሻላል። ግን ዝም ብላችሁ አትመኑት። አንድ የጠርሙስ ክዳን ጨው በጥቂት ውሃ ለውሱ፣ ከመለኪያው ጋር ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ አሽጋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ላስቲኩን ሳትከፍቱ አንብቡ፤ 75 አካባቢ ማለት አለበት።