ብርዝ በብርሌ፦ ለማይጠጣ ሰው የሚሆን ጠጅ ቤት

መጠጥ ካቆምኩ ስምንት ወር ሆነኝ። የከበደኝ መጠጡ አይደለም፣ መቀመጫ ማጣቱ ነው። ጓደኞቼ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚገናኙት ግሮሰሪ ነው። እኔ አምቦ ውሃ ይዤ ስቀመጥ ዙር በመጣ ቁጥር "አሞሃል እንዴ?" "መድኃኒት ላይ ነህ?" ነው። ጾም ነው እንዳልል ቢራ የጾም ነው። "ጸበል ጀምሬ ነው" ማለት ለሁለት ሳምንት ሠራልኝ፣ ከዚያ እሱንም ነቁበት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጣው፣ ከጠረጴዛችን ግን ማን ያስወጣው!

አንዱ ወዳጄ "ና ጠጅ ቤት እንሂድ፣ ላንተ ብርዝ አለ" ሲለኝ ሳቅኩበት። ግን ሄድኩ። እስካሁን አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

ቤቱ ተራ ነው፤ አግዳሚ ወንበር፣ ቆሎ፣ ጮክ ብለው የሚያወሩ አባቶች። ብርዙ ማርና ውሃ ነው፣ ገሾ አልገባበትም። ቀለሙ ከጠጁ ነጣ ይላል። ይጣፍጣል፣ ግን አፍ ላይ አይሙለጨለጭም፤ የታጠነው ዕቃ ሽታ ከኋላ መጣ መጣ ይላል። የሚቀርበው ደግሞ በብርሌ ነው። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። የብርሌዋን አንገት ይዘህ ስትጫወት ማንም ምን እየጠጣህ እንደሆነ አይጠይቅህም፣ አንተም እጅህን የት እንደምታደርገው አይጨንቅህም፣ ዙር ሲመጣም ያንተው ተሞልቶ ይመጣል። ለካ ስምንት ወር ሙሉ የናፈቀኝ እሱ ኖሯል።

ማልት ሞክሬያለሁ። አንዱ ደስ ይላል፣ ሁለተኛው ላይ ስኳሩ ይሰለቻል። ቀሪቦ እወዳለሁ፣ ግን የት ግሮሰሪ ይገኛል? ሠርግ መጠበቅ አለብህ።

አሁን ጥንቃቄው። "ለስላሳ" ብለህ እንዳታዝ! ጠጅ ቤት ውስጥ ለስላሳ ማለት ጣፈጥ ያለ ጠጅ ነው፣ ያሰክራል። "ብርዝ" በል። ሁለተኛ፣ መቼ እንደተበጠበጠ ጠይቅ። በውሃ የተበጠበጠ ማር ገሾ ባይገባበትም ቀናት ሲቆጠሩ በራሱ መፍላት ይጀምራል። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ የመጣልኝ ምላስ ይቆነጥጥ ነበር። ቀጂዋን ጠራኋት።

"መቼ የተበጠበጠ ነው?"

"ማክሰኞ።"

ቀኑ ቅዳሜ ነው! አልኮል እንደማልቀምስ ስነግራት ሳትከራከር አነሳችው፣ "የዛሬ ጠዋቱን አመጣልሃለሁ፣ ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ" ብላ ሌላ አመጣች። ለዚህ ነጥብ እሰጣታለሁ። ጥቂቷ እንኳ የማትፈቀድለት ሰው ግን የዕለቱን ካላገኘ ሻይ ይዘዝ።

ማሩ ንጹሕ ነው ብዬ አልምልም፤ ስኳር የሚቀላቅል ጠጅ ቤት ሞልቷል። ሽንት ቤቱ ያሳፍራል። ዋጋው ከአንድ ቢራ ያነሰ ነው።

ደግሞ መጠጥ ካቆመ ገና ሳምንት የሆነው ሰው እዚህ እንዲመጣ አልመክርም፣ የጠጁ ሽታ ብቻውን ይበቃዋል። በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረና ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ደግሞ ብርዙን ትቶ መጀመሪያ ሐኪም ያማክር፤ እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቋርጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊመጣበት ይችላል፣ ቀልድ አይደለም።

እኔ መመላለሴን እቀጥላለሁ። የምትሄዱ ካላችሁ ቅዳሜ ከ10 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ የዕለቱ ብርዝ ቶሎ ያልቃል።