ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን! (ድሬ ላይ ልጅ ላስቸገራችሁ ሁሉ)

ድሬዎች እንዴት ናችሁ? ጽሁፍ ላይ እምብዛም ነኝ። ልጄን ስላከመችልን ነርስ፣ ስለ ሲስተር፣ ሳልናገር ብቀር ግን ይቆጨኛል።

ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ነገ አድጎ ያነበዋል። የሰፈራችን ሰው ግን ያውቀዋል። የባጃጅ መስታወት በድንጋይ ያረገፈው እሱ ነው። የጎረቤት ድመት ላይ የፈላ ውሃ የደፋውም እሱ ነው። ከሱቄ መሳቢያ ብር ሲጠፋ ሠራተኛዬን ጠርጥሬ አባረርኩ፣ ለካ እሱ ነበር። ልጅቷ ይቅር ትበለኝ። ሁለት ሌሊት ከቤት ጠፍቶ ባቡር ጣቢያው አካባቢ አድሯል። ስጠይቀው ዓይን ዓይኔን እያየ ይዋሻል።

ያልሄድኩበት የለም። ትምህርት ቤቱ በየሳምንቱ "ወላጅ አምጣ" ነው። ሱቄን ዘግቼ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ሌሎች ወላጆች ፊት "ማሳደግ ካልቻልሽ ለምን ወለድሽ?" ተባልኩ። ይህን ያለኝ የተማረ ሰው ነው። በመጨረሻ መልቀቂያውን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፣ በቃ። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ያለኝን ከፍዬ ገባሁ። ሐኪሙ ልጄን ቀና ብሎ እንኳን ሳያይ ኪኒን ጻፈ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ልጁ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ዋለ፣ ሲነቃ ያው ነው። ዘመድ "ሰይጣን ነው" አለ። ለቁልቢ ገብርኤል ተሳልኩ፣ ስለቴን አልክድም፣ አስገባለሁ። አጎቱ "ዱላ ያጣ ልጅ ነው" ብሎ በቀበቶ ገረፈው። በማግስቱ የአጎትየው ሞባይል ጠፋ።

እኔም መትቼዋለሁ፣ ምን እደብቃለሁ። አባቱ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። በወር ስንት ቀን ነው ቤቱ የሚያድረው? ሲመጣ ወይ ይገርፈዋል፣ ወይ ያሳዝነውና ብር ያሸክመዋል።

ሲስተርን የጠቆመችኝ መጋላ ካለችው ሱቄ ዕቃ የምትገዛ ደንበኛዬ ናት። የአእምሮ ህክምና ነርስ ናት ስትለኝ ቱግ አልኩ። "ልጄ እኮ እብድ አይደለም!" አልኳት። "የእህቴም ልጅ እብድ አልነበረም" ብላ ሂሳቧን ከፍላ ወጣች።

መጀመሪያ ቀን ሲስተር እኔን ውጪ አስቀምጣ ከእሱ ጋር ብቻዋን ረጅም ሰዓት አወራች። ምን እንዳወሩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ማታ ሱሪውን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ የእሷን እስክሪብቶ አገኘሁ። ያቺ ጠረጴዛዋ ላይ ያየኋት ራሷ ናት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። በነጋታው ባጃጅ ተኮናትሬ ከሳቢያን ከዚራ ድረስ ይዤላት ሄድኩ። አልተቀበለችኝም!

"ሲያነሳት አይቻለሁ" አለችኝ። "ኪሱ መልሺያት። አትምቺው፣ አትናገሪውም። መጀመሪያ ይመነኝ።" (ድሬ ነውና አንቱ የለም፣ አንቺ ነው የምትለኝ።)

በሳምንቱ አላመጣትም። በሁለተኛውም አላመጣትም። ሲስተር ሌላ እስክሪብቶ ገዛች እንጂ አልጠየቀችውም። በሦስተኛው ቀጠሮ ገና ሳይቀመጥ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረጋት። "ጎሽ፣ አመሰግናለሁ" አለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ምክርም የለ፣ ወቀሳም የለ። እኔ በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ስጠርግ ነበር።

በሽታው ኮንዳክት ዲስኦርደር ይባላል። እሷ በአማርኛ የምግባር መታወክ ትለዋለች። ዝርዝሩ አልገባኝም፣ አልዋሽም። የያዝኩትን ልንገራችሁ። አንድ ሁለቴ ያስቸገረ ልጅ ሁሉ ይህ አለበት አይባልም። ሰው ወይም እንስሳ መጉዳት፣ ዕቃ መሰባበር፣ መዋሸትና መስረቅ፣ ከቤትና ከትምህርት ቤት መጥፋት፣ እንዲህ ያለው ነገር በ12 ወር ውስጥ እየተደጋገመ ሲመጣ ነው። ልጁ 10 ዓመት ሳይሞላው ከጀመረ ደግሞ ይጠናል። የእኔው 8 ዓመቱ ላይ ነው የጀመረው። "ያድጋል፣ ይተዋል" እያልኩ 5 ዓመት አቃጠልኩ። ለዚህ ብቻ ተብሎ የተሠራ ኪኒን የለም አለችኝ። መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው አብሮት ሌላ ችግር ካለ ነው። ያ ሁሉ ብሬ!

ዋናው ህክምና ለካ ለወላጅ ነው። ታካሚዋ እኔ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ሲስተር እንዲህ አለችኝ፦ ከኩሽና ሆነሽ አትጩሂበት፣ ጠጋ ብለሽ በስሙ ጥሪውና አንድ ነገር ብቻ እዘዢው። ሲታዘዝ እዚያው ጎሽ በይው። ሲያጠፋ ቅጣቱ ትንሽ ይሁን፣ ግን ሁሌም አንድ ዓይነት። የማታደርጊውን አትዛቺ። ዱላ ያብስበታል። "መጨረሻ ጎሽ ያልሽው መቼ ነው?" ስትለኝ አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ አጣሁት። እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

አሁን መልአክ ሆኗል አልላችሁም። ባለፈው ወር በንዴት ቴርሞስ ሰብሮብኛል። ግን አራት ወር ሙሉ ውጪ አላደረም። አዲስ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ ሲስተር ራሷ ሄዳ መምህሮቹን አነጋግራልኛለች። ማን ያደርገዋል ይህን? ለሥራዋ እንኳን ያልተጻፈ ነገር ነው።

እና አቦ ሂዱ! ጎረቤት ምን ይላል ብላችሁ አትቀመጡ። እኔ ብዬ ምን አተረፍኩ? ሳላስፈቅድ ስሟንና ስልኳን እዚህ አልጽፍም፣ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። ማልዳችሁ ሂዱ፣ ወረፋ አለ፣ ከረፋድ በኋላ ደግሞ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ።

አንተም ጅቡቲ ሆነህ ይህን ካነበብክ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ አርብ ጠዋት ነው። "አባትየውም ይምጣ" ብላለች። ሐሙስ ማታ ግባ።