የመስታወት ማጠቢያ ዘንግ፦ ጎማው በውስጥ ይለፍ ወይስ በውጭ ይታሰር?

ውሃ እስከ ብሩሹ የሚያደርስ ዘንግ ሊገዛ ያሰበ ሁሉ ይህንኑ ይጠይቃል። ለአዳማ መልሱ ብዙ አያከራክርም፤ ዘንጉ እየተመዘዘ የሚረዝም ከሆነ በውስጥ ይለፍ። ከከተማዋ ዳር የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም።

ተመዛዥ ዘንግ ላይ የውጭ ጎማ በየክፍሉ አጥብቆ ማሰር አይቻልም፤ ከታሰረ ዘንጉ አይወጣም፣ አይገባም። ስለዚህ ብሩሹ ሥር ብቻ ይታሰርና የቀረው ይንጠለጠላል። ነፋስ ሲመታው ብሩሹን ወደ ጎን ይጎትታል፤ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጥግ፣ የኤሲ ማቆሚያ ብረት፣ ያገኘው ላይ ሁሉ ይጠመጠማል። ዘንጉ ሲሰበሰብ ደግሞ የመቆለፊያው ምላስ ጎማውን ይነክሰዋል። ውሃው ሲቀንስ ሰው የሚጠረጥረው ፓምፑን ነው።

«የውጭው ይረክሳል» ይባላል። እስቲ እናስላው። ለ6 ሜትር ዘንግ በውስጥ 6.5 ሜትር ቅጥል የሌለው ጎማ፣ ከዘንጉ ወጥቶ መሬት ላይ የሚጎተት 3 ሜትር ጅራትና ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ማያያዣ ይበቃል። በውጭ ግን ለመላወሻ ቢያንስ 7 ሜትር፣ ጅራቱም ያው 3 ሜትር ነው። ሜትሩ 100 ብር ነው ብንል፣ የውስጡ ጎማ 950፣ የውጭው 1,000 ብር። የውስጡ ማያያዣም የውጭው ማሰሪያም ገና አልተቆጠሩም። ርካሽ የሚመስለው ቤት የተቀመጠ የአትክልት ጎማ ስለሚታሰር ነው። ግማሽ ኢንች የአትክልት ጎማ በ6 ሜትሩ ውስጥ 760 ግራም ያህል ውሃ ይሸከማል፤ የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊሜትር የሆነው ግን 120 ግራም አይሞላም። ያን ልዩነት የሚሸከመው ትከሻ ነው።

የሚገዛው ለኮምፕሬሰር አየር የሚሸጠው፣ ፖሊዩሬታን የሚባለው የፕላስቲክ ጎማ ነው፤ ውጩ 8፣ ውስጡ 5 ሚሊሜትር። ፎርጅዱ ብዙ ነው። አጥፋችሁ ልቀቁት፤ ወዲያው ካልተቃና፣ እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ከቀረ፣ ተዉት። ጫፉንም እዩ፤ ቀዳዳው ወደ አንድ ጎን ካደላ ማያያዣው ላይ ያንጠባጥባል።

የውስጡ እውነተኛ ጉድለት ጥገናው ነው። ዘንጉ ውስጥ የተቀደደ ጎማ አይቀጠልም፤ ማያያዣው ከጎማው ስለሚወፍር በየክፍሉ አፍ ላይ ይያዛል። 6.5 ሜትሩ በሙሉ ይቀየራል ማለት ነው። የሚቆርጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ርካሽ ዘንግ ነው፤ የክፍሎቹ ጠርዝ ሳይሞረድ ይሸጣል። ከመክፈላችሁ በፊት ሽቦ ላይ ጥጥ ጠምጥማችሁ በውስጡ አሳልፉ። ጥጡ ከተነጨ ዋጋ አስቀንሱ፣ ወይም ሌላ አንሡ። ዘንጉ ቀድሞ የተገዛ ከሆነ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጠርዙን አለስልሱት።

ማያያዣው ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ሲመዘዝ ከታችኛው አፍ ግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ያኔ የሚረገጠውና አስፋልት የሚፍቀው ጅራቱ ብቻውን ይቀየራል። የውስጡን ለመቀየር አሮጌውን አታውጡት፤ የአዲሱን ጫፍ ከአሮጌው ጫፍ ጋር አፍ ለአፍ ገጥማችሁ በናስትሮ በስሱ ጠቅልሉና ከላይ በኩል ሳቡ። ናስትሮው ከወፈረ መሃል ላይ ይቀረቀራል።

እየተሰካካ የሚቀጠል ዘንግ ያለው ሰው ግን በውጭ ይሰር። ክፍል በጨመረ ቁጥር ጎማ ከማሾለክ ይገላገላል። ማሰሪያው በየሜትሩ ይሁን፤ የፕላስቲኩ በተፈታ ቁጥር ተቆርጦ ስለሚጣል ተለጣፊ ጨርቅ ይሻላል።